ቀጥ ብሎ የቆመው ቤት

አምስተርዳም ውስጥ ጌታው ዕቃ ነው እኮ። ጣሪያው ሥር ያለው ደረቅ ቆጥ የጭነት ነው፤ ሰው ከታች የቦይ ውሃ እየሸተተው ይኖራል። ከተማው አዲስ ቦይ በቆፈረ ቁጥር ዳሩ ላይ ቤት ይበቅላል፣ ቤት ሲበቅል ጭነት ይመጣል፣ ጭነቱ ደግሞ ሌላ ቦይ ያስቆፍራል፣ በቃ ማለቂያ የለውም።

ኔልቼ ከአናጺው አባቷ ከቫውተር ጋር ከገጠር መጥታ ከተማዋን እንዴት እንደወደደቻት ምን ልበላችሁ። አባቷ ግን ጉድ ሠራ፤ ቤቱን እንደ አገሩ ቀጥ አድርጎ አቆመው። እዚህ ቤት ሁሉ ወደ ቦዩ ጎንበስ ይላል፤ ጆንያ ከጣሪያው ሥር በወጣው እንጨት በገመድ ሲሳብ ግድግዳ እንዳይመታ። ጎረቤቱ ቤቱን “የተገተረው ሚዜ” ብሎ ሳቀበት። ቆጡን የሚከራይ ካልተገኘ ወደ ገጠር መመለስ ነው፤ ኔልቼ ደግሞ ይኼን መስማትም አትፈልግም።

በመጨረሻ የቁንዶ በርበሬ ነጋዴዋ እትዬ ማህቴልድ እንሞክረው አሉ። ቫውተር ቆጡ ላይ ሆኖ የመጀመሪያውን ጆንያ ሳበ። ጆንያው ተወዛወዘ፣ የመስኮቱ ጠርዝ ቦጨቀውና ቁንዶ በርበሬው ዘነበ። ወይ ጉድ፣ ጀልባ ላይ ያለው፣ ድልድይ ላይ ያለው፣ ውሻው ሳይቀር አስነጠሰ። እትዬ ማህቴልድ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው ሊሄዱ ተነሱ።

ኔልቼ ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። ገጠር ላም ቦይ ውስጥ ስትወድቅ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ጎን ነው የሚስባት፤ አለዚያ ሆዷ ዳሩን ይፈገፍጋል።

“እትዬ፣ አንድ ጆንያ ብቻ።”

“ያፈሰሳችሁብኝ አልበቃም?”

“ይኼኛው ከፈሰሰ እኔው እለቅመዋለሁ።”

“በአፍንጫሽ ነው የምትለቅሚው?” አሉ፤ ግን ቆሙ።

ጆንያው ላይ ሁለተኛ ገመድ አሰረችና ጫፉን ይዛ በድልድዩ ተሻግራ ማዶ ዳር የታሰረች ጀልባ ላይ ዘላ ገባች። አባቷ ወደ ላይ፣ እሷ ወደ ቦዩ። ጆንያው ግድግዳውን ሳይነካ ተንሳፎ ወጣ፤ ቆጡ በር ጋ ሲደርስ ገመዷን ቀስ አድርጋ ለቀቀች፣ ቫውተር እቅፍ አድርጎ አስገባው።

እትዬ ማህቴልድ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ “ቫውተር፣ ቆጡን ለሌላ ሰው እንዳትሰጥ። ይቺ ልጅ እየሳበች ከሆነ ብቻ ነው ታዲያ” አሉት።

የኔልቼ መዳፍ በገመድ ተልጧል፣ ግን ማን ልብ ብሎት። ከወዲያ በኩል በሚቀጥለው ቦይ ዳር ጭቃው ውስጥ የቤት መሠረት የሚሆን ግንድ እየተተከለ ነው። እዚያ የሚሠራውን ቤት ጎንበስ እንዲያደርገው ለአባቷ ትነግረዋለች። ይኼኛው እንደተገተረ ይኑር።