የቅዳሜ ምስክርነት

ሰኞ ጠዋት ሥራ የሚጀመረው በጸሎት ነው። ከማተሚያ ማሽኖቹ ፊት የፕላስቲክ ወንበሮች ይደረደራሉ። ወረቀት አጣፊዋ ፖኩዋ መዝሙር ታወጣለች፤ ማሽን ላይ የሚሠራው ቧሄን ባዶ ካርቶን ጭኑ መሐል አስገብቶ እንደ ከበሮ ይመታል። ከዚያ የድርጅቱ ባለቤት ማዳም አጄይዋ ከፊት ይነሱና «ምስክርነት ያለው?» ይላሉ። አንዱ ይቆማል። ሥራ ለሰጠው አምላክ፣ እናት ለሆኑለት ማዳም ምስጋና ያቀርባል። ሌሎቻችን «ሃሌ ሉያ!» እንላለን። ማሽኖቹ የሚነሱት ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ ቆሜ አላውቅም ነበር። ሰው ሲያየኝ ድምፄ ይሰልላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከኋላ፣ ከቀለም ጣሳዎቹ አጠገብ እቀመጥ ነበር።

ሥራችን የለቅሶ ሥራ ነው። እዚህ ጋና፣ ኩማሲ ከተማ ውስጥ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ፎቶውን ይዞ ወደ እኛ ይመጣል። ፎቶውን በኮምፒውተር አጸዳለሁ፤ የቀብሩን ቀን፣ የልጆቹንና የልጅ ልጆቹን ስም አስገብቼ ትልቅ ፖስተር አዘጋጃለሁ። ሟቹ ሽማግሌ ከሆነ ከላይ «ወደ ክብር ተጠሩ» ብዬ እጽፋለሁ። ወጣት ከሆነ «ምን ዓይነት ዱብ ዕዳ!»። ሥራውን አልጠላውም። አንድ ጊዜ ከደበዘዘ የመታወቂያ ፎቶ ላይ የአንዲት አሮጊትን ፊት አውጥቼ፣ ልጃቸው ኮምፒውተሩ ላይ ሲያያቸው «እማዬ!» ብሎ ጮኸ። የዚያን ቀን ምሳ ሳልበላ ዋልኩ፤ አልራበኝም ነበር።

የጠላሁት ቅዳሜን ነው። ቅዳሜ የቀብር ቀን ነው። ማዳም ፖስተር ወደ ሠራንለት ቤት ሁሉ እኛን ይልካሉ። የድርጅቱ ስም የተጻፈበት ጥቁር ቲሸርት ለብሰን ወንበር እንደረድራለን፣ ውኃ እናድላለን፣ አሮጊቶችን እናራግባለን፣ በእኛ አገር ለቅሶም ይጨፈርበታልና ጭፈራው ሲደምቅ እንጨፍራለን። አንዱ እንግዳ ደግሞ ፖስተሩን አይቶ «ይሄን ማን ሠራው?» ብሎ ይጠይቃል። ቀጣዩ ለቅሶ የእኛ ይሆናል። ደመወዝ የለውም፤ ሥራ አይባልማ። ማዳም «ፍቅር» ይሉታል። «ሐዘንተኛ ደንበኛ አይደለም፣ ዘመድ ነው። እኛም ቤተሰብ ነን» ይላሉ።

የከተማው ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የመጽሐፍ ዝግጅት ትምህርት ሲከፍት አመለከትኩና ተቀበሉኝ። የልጆች መማሪያ መጽሐፍ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሥዕሉ የት እንደሚቀመጥ፣ ፊደሉ ለትንሽ ዓይን ምን ያህል መሆን እንዳለበት ያስተምራሉ። ትምህርቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። መቅረት የሚያበዛ ይሰረዛል።

ሐሙስ ዕለት ለተቆጣጣሪያችን ለወንድም ታቺ ነገርኩት።

«ከመጪው ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ አልመጣም፣ ወንድም ታቺ። ትምህርት አለኝ።»

«የምን ትምህርት?»

«መጽሐፍ ማዘጋጀት።»

«የሟቾች መጽሐፍ?»

«አይ፣ የልጆች።»

ሳቀ። «ስሚ ዱፊ፣ እዚህ ቤት ቅዳሜ ቀርቶ የሚያውቅ ሰው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ማነው?»

«እኔም አላውቅም። የለማ!»

ከቀትር በኋላ ከማዳም ቢሮ ሲወጣ «ሰኞ ምስክርነት የምትሰጪው አንቺ ነሽ ተብለሻል» አለኝ።

ለፖኩዋ ነገሩ ወዲያው ገባት። ውጭ ጥላው ሥር ዋቼ እየበላን ነበር፤ ሩዙን ከባቄላው እየለየች ታወራለች።

«ማዳም አይቆጡም። ልቡ ሸፈተ ያሉትን ሰው አቁመው ያስመሰግኑታል። ሰው ፊት ካመሰገንሽ በኋላ በየት አፍሽ እምቢ ትያለሽ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ጌታ ይመስገን፣ ማዳም ይመስገኑ በይና ተቀመጪ። ከተንቀጠቀጥሽ እኔ መዝሙር አነሳልሻለሁ።»

ይህ የእኛ ልማድ ነው። ምስክርነት አይቋረጥም፤ ነውር ነው። ተናጋሪው ከረዘመ ወይም መንገድ ከሳተ ግን አንዱ መዝሙር ያነሳል፣ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፣ ተናጋሪው ፈገግ ብሎ ይቀመጣል። ማንም ዝም በል አላለውም። ዘበኛው አንድ ሰኞ ስለ ቤት አከራዩ ማማት ሲጀምር እንዲህ ነው ያስቀመጡት፤ እሱም አብሮ ዘምሯል።

ሰኞ ደረሰ። ማዳም «ዱፊ ልጄ» ሲሉ ተነሳሁ። ከፊቴ ያለውን ወንበር ጀርባ በሁለት እጄ ያዝኩት።

«ጌታ ይመስገን» አልኩ።

«ሃሌ ሉያ!»

«ሥራ ስላገኘሁ አመሰግናለሁ። ማዳም ዘመድ ሳይኖረኝ፣ ማንም ሳያስተዋውቀኝ ነው የቀጠሩኝ።»

«አሜን!» ማዳም ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራዬን በደንብ እሠራለሁ። የማንንም እናት ፊት አበላሽቼ አላውቅም።»

«አሜን!»

እዚህ ላይ መቀመጥ እችል ነበር። ፖኩዋ በዓይኗ «በቃ» አለችኝ። ድምፄ ሊጠፋ ሲል ተሰማኝ፤ ሳይጠፋ ልቅደመው ብዬ ቀጠልኩ።

«ደግሞ ቅዳሜን ስለፈጠረ አመሰግነዋለሁ።»

ጥቂቶች ከልማድ አሜን አሉ። ማዳም ዓይናቸውን ገለጡ።

«ለዚህ ቤት የሰጠሁት ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለውን ነው። ቅዳሜን አልሰጠሁም። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ ተወሰደ እንጂ። ቤተሰብ ነን ይባላል። እኔ ግን እናት አለችኝ፤ ማምፖንግ ከተማ ትኖራለች፣ ደህና ናት። እዚህ የመጣሁት ልጅ ልሆን አይደለም፣ ሠራተኛ ልሆን ነው። ሙያ መማር እፈልጋለሁ። ጥያቄ ስጠይቅ እሺ ወይም እምቢ መባል እፈልጋለሁ። የፍቅር ነገር...»

«አሜን!» አለ ቧሄን፣ ያለ ቦታው። አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ያን ጊዜ ወንድም ታቺ ብድግ አለና መዝሙር አነሳ። ድምፁ ወፍራም ነው፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንቀጠቅጠዋል። እያጨበጨበ ወደ ፖኩዋ ዞረ። ሁላችንም ወደ ፖኩዋ ዞርን። አውጪዋ እሷ ናት፤ እሷ ከተቀበለች ሁሉም ይቀበላል፣ እኔም እቀመጣለሁ።

ፖኩዋ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች። ከዚያ በጥንቃቄ ማሰር ጀመረች። ቧሄን ካርቶኑን ከጭኑ አውጥቶ መሬት ላይ አስቀመጠና ተቀመጠበት።

ወንድም ታቺ የመጀመሪያውን ስንኝ ብቻውን ጨረሰ። ሁለተኛውን ጀመረ። አንድ ሰው ብቻውን ሲያጨበጭብ ምን እንደሚመስል ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ዶሮ የሚያባርር ይመስላል። ስንኙ መሐል ላይ ድምፁ አነሰ፣ አነሰና ቆመ።

«ልጨርስ» አልኩ። «ከዚህ ቅዳሜ ጀምሮ አልመጣም። ሰኞ ግን ሥራዬ ላይ እገኛለሁ። ጌታ ይመስገን።»

«ሃሌ ሉያ!» አለ ቤቱ ሁሉ። ምን ይበል? ጌታ ይመስገን ሲባል ሌላ የሚባል ነገር የለም። የማዳም ከንፈር እንኳ ተንቀሳቅሷል።

ወዲያው ቢሮ ተጠራሁ። ማዳም የበቆሎ ገንፏቸውን በማንኪያ እያማሰሉ ነበር፤ አይበሉም።

«በሩን ዝጊው። እኔ ኬጄቴያ ገበያ አንዲት ጠረጴዛ ይዤ ስጀምር ቅዳሜ የሚባል አላውቅም ነበር፣ ዱፊ።»

«አውቃለሁ፣ ማዳም።»

«ምን ታውቂያለሽ?»

«በየሰኞው ይነግሩናል።»

ማንኪያውን አስቀመጡ። የሚጮኹ መስሎኝ ነበር፤ ትኩር ብለው አዩኝ። ፊታቸው የደከመ ነው። በሥራዬ ምክንያት ፊት አያለሁ፤ ፎቶ ቢሆን ኖሮ ከዓይናቸው ሥር ያለውን ጥላ ማጥፋት ብዙ ጊዜ ይፈጅብኝ ነበር።

«ማንም ቅዳሜ አልሰጠኝም» አሉ። «እኔ ግን ለአንቺ እሰጥሻለሁ። ሂጂና ተማሪ። እስከ መጪው ሰኞ ለሌሎቹ አታውሪ። በሚቀጥለው ሰኞ ተነሺና የተናገርሽው ከስሜት ነው በይ፤ ማዳም ከእናትነታቸው የተነሳ ፈቀዱልኝ በይና አመስግኚ። አለቀ።»

የምፈልገው ነገር ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦልኝ ነበር። እጄን መዘርጋት ብቻ ነው የቀረኝ።

«ማዳም፣ ስጦታ ቢሆን አመሰግን ነበር። ሰው የራሱን ሲወስድ ግን ምን ብሎ ያመሰግናል?»

«የራሱን!» አሉ፤ ቃሉን እንደ አጥንት ከአፋቸው አወጡት። «እንግዲያው ስሚኝ። ቅዳሜ ካልመጣሽ ሰኞ እንዳትመጪ።»

ቅዳሜ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የተሳፈርኩበት ትሮትሮ ሚኒባስ ቀይና ጥቁር በለበሱ ለቀስተኞች ተሞልቶ ነበር፤ አንዲት ሴት ጉልበቷ ላይ የተጠቀለለ ፖስተር ይዛለች፣ ጫፉን አይቼ አወቅኩት፣ የእኔ ሥራ ነው። አስተማሪዋ የመጀመሪያውን ሰዓት ሙሉ ስለ ነጭ ቦታ አስተማረችን። ልጅ ገጹን ሲገልጥ ዓይኑ የሚያርፍበት ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል አለች። እኔ ባዶ ቦታ ሳይ የልጅ ልጅ ስም መሙላት ነው የለመድኩት። ብዙ የምማረው ነገር እንዳለ ገባኝና ደስ አለኝ።

ሰኞ ማለዳ ወንበሮቹ ሲደረደሩ ደረስኩ። ወንድም ታቺ በሩ ላይ ቆሟል።

«አልሰማሽም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ» ብዬው አለፍኩ። በዚህ ጊዜ ከኋላ አልተቀመጥኩም። ከፖኩዋ አጠገብ ክፍት ወንበር ነበር።

ማዳም ገቡ፣ አዩኝ፣ መዝሙሩን በእጃቸው አስቆሙት።

«አትምጪ ብዬሽ ነበር።»

ተነሳሁ። «ልሂድ፣ ማዳም። ግን ጥፋቴን በሁሉም ፊት ይንገሩኝና ልሂድ። ሥራ አበላሽቼ ነው? አርፍጄ ነው? ሰው ሰድቤ ነው?»

ማዳም ቃል አጥተው አያውቁም። «ውለታ ቢስ ስለሆንሽ ነው» አሉ።

በእኛ ዘንድ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ሌባ የተባለ አልሰረቅኩም ብሎ ይከራከራል። ውለታ ቢስ የተባለ በምን ይከራከራል? አፉን ሲከፍት ያው ውለታ ቢስነቱን አረጋገጠ። ለዚህ ነው ሁላችንም ስንፈራው የኖርነው፤ ለዚህ ነው ቅዳሜያችን ያለቀው። ፖኩዋ ትንፋሿን ስትሰበስብ ሰማኋት።

«እሺ» አልኩ። «ውለታ ቢስ ነኝ። ሌላስ?»

ቃሉ ላዬ ላይ ወድቆ ነበር፤ ጠበቅኩት፣ አልሰበረኝም። ማዳም እኔን አዩ፣ ከዚያ ሌሎቹን አንድ በአንድ አዩ። ፊታችን ላይ ምን እንዳዩ አላውቅም።

በዚህ መሐል አንድ ሰውዬ ከእህቱ ጋር በሩ ላይ ቆመው በትሕትና አንኳኩ። እጁ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ፎቶ አለ። ለቅሶ ቀጠሮ አይዝም። «ኮምፒውተር የምትሠራዋ የትኛዋ ናት?» አለ ሰውዬው። እጄን አነሳሁ፣ ፎቶውን ተቀበልኩትና ቦታዬ ሄጄ ማሽኔን ከፈትኩ። ማዳም ተቀመጪም ሂጂም ሳይሉኝ ወደ ቢሮአቸው ገቡ። የዚያን ቀን ጸሎቱ ሳይዘጋ ቀረ።

ዓርብ ወንድም ታቺ እንደ ልማዱ በየጠረጴዛው ዞረ። «ነገ በማለዳ መኪናው እዚህ ይቆማል!» የእኔን ጠረጴዛ እንደ ጉድጓድ ዘለለው።

«እኔ አልመጣም» አለ ቧሄን ከማሽኑ ሥር።

«ደግሞ አንተ! ምን ልትማር?»

«ምንም። ልተኛ ነው።»

«ልትተኛ?»

«አዎ፣ በጀርባዬ። ሲደክመኝ በጎኔ።»

«ውለታ ቢስ!» አለ ወንድም ታቺ።

«እሷን ቃል ቲሸርት ላይ አትምልኝ» አለ ቧሄን፤ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።

«ለኔ ትንሹን ቁጥር!» አለች ፖኩዋ። ከዚያ ለወንድም ታቺ አዘነችለት መሰለኝ። «እኔ ነገ እመጣለሁ፣ ወንድሜ። ጭፈራው ደስ ይለኛል። ግን የምመጣው ደስ ስላለኝ ነው፤ ለማዳም እንደዚያ ብለህ ንገርልኝ።»

ነግሯቸው ይሁን አይሁን አላውቅም። መኪናው አሁንም በየቅዳሜው ይሄዳል፣ አንዳንዴ ሞልቶ፣ አንዳንዴ ወንድም ታቺን ብቻ ይዞ። እኔ ትምህርቴን ይዣለሁ። ማዳም እስከ ዛሬ አልፈቀዱልኝም። እኔም አላስፈቀድኳቸውም።