ማን ይሞታል?

መርዶ የሚደብቅ ዘመድ አይጣልባችሁ! ሜይታል ከውትድርና ተፈትታ ታይላንድ ለሽርሽር በሄደች ጊዜ፣ ወንድሟ ኤሊሻይ በሞተር አደጋ ሞቶ ተቀበረ፤ የሰባቱም ቀን ሐዘን አለፈ። እሷ ግን ባሕር ዳር ስትጨፍር የተነሣችውን ፎቶ ትልክለት ነበር። ቤተሰቦቿ «ስልኩ ተበላሽቶ ነው እንጂ በሰደር፣ ደህና ነው» ይሏታል። እስራኤል ተመልሳ ፔታህ ቲክቫ ከተማ ቤቷ ስትገባ ሳሎኑ በጥቁር ለባሽ ተሞልቶ ጠበቃት። ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቧ ይከዳታል፤ ሰው ሰብሰብ ብሎ ካየች ላብ ያጠምቃታል። ሠርግ መሄድም ተወች።

ያዳናት፣ ሳቁ ካላችሁ ሳቁ፣ አስፈሪ ፊልም ነው። ኪርያት አርዬ በሚባለው ሠፈር ባለው መሥሪያ ቤቷ፣ የሥራ ባልደረባዋ ሜራቭ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ የአስፈሪ ፊልም ወዳጆችን በቢሮው የስብሰባ ክፍል ትሰበስባለች። ሁሉም የየራሱ ጉድ አለው፤ አንዱ ከጦርነት የተመለሰ፣ አንዷ ከባሏ ዱላ ያመለጠች። ሕጋቸው አንድ ነው፦ ፊልሙን ያየ ሰው ከተጠየቀ አይዋሽም። ሜይታል ገና ሳይጀመር «ማን ይሞታል?» ትላለች። ሜራቭም «ታናሽየው፣ ምድር ቤት ውስጥ» ብላ ቁርጡን ትነግራታለች። ቁርጡን ያወቀ ሰው እኮ እየፈራም ቢሆን መቀመጥ ይችላል! ስትጮህ አብረዋት ይጮኻሉ፤ ስታለቅስ «ይበቃሻል» የሚል የለም። ፋሲካ እንዳለፈ አንድ ሙሉ ፊልም ምንም ሳትጠይቅ አየች። በዚያው ሰሞን ጎረቤት ቢያንኳኳ ራሷ ተነሥታ ከፈተች። እናቷ ፋንትነሽ «እሾህን በእሾህ ማለት ይኸው ነው!» ብላ እልል አለች።

ደስታ መች ይበረክታል? አንድ ቀን የአባቷ ወንድም ይርሳው ደወለ። የፋንትነሽ ታላቅ ወንድም ወርቅአገኘሁ፣ ያ ጎንደር ተቀምጦ የእስራኤልን መንገድ ሲጠብቅ ያረጀው፣ አርፏል።

«ነገ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌ ይዘን መጥተን እናረዳታለን። እስከዚያ አፍሽን ያዢ።»

የሜይታል ደም ፈላ። በእኔ ላይ የሠሩትን በእናቴም ላይ? በፍጹም! ወጥ ቤት ገባችና ሽንኩርት ለምትከትፈው እናቷ ቁርጡን ነገረቻት።

ፋንትነሽ አልጮኸችም። ቢላዋውን አስቀምጣ ግድግዳውን ያዘች። ሜይታል ልታቅፋት ስትል በክርኗ ገፋቻት።

«ሌላ ማን መጣ?»

«ማንም። እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

«ወንድሜን ብቻዬን ላልቅሰው? አልቃሽ የለ፣ ደጋፊ የለ!»

«መደበቅ አልቻልኩም። እኔን እዚያ ያዳነኝ…»

«እዚያማ መብራቱ ሲበራ የሞተው ተነሥቶ ቤቱ ይገባል! አንቺ ዳንሽ፣ እሰይ። እኔን ግን ከሬሳ ጋር ልታሳድሪኝ ነው።»

«ሰዎቹን አሁን ልጥራቸው?»

«እንዳታደርጊው! ሽማግሌ ይዋረድ? እኔ አልሰማሁም። ነገ እሰማለሁ።»

ከዚያ ሽንኩርቷን ከትፋ ጨረሰች። ሜይታልን ቀና ብላ አላየቻትም።

ሲነጋ ሽማግሌዎቹና ሴቶቹ መጡ። ይርሳው አፉን ሳይከፍት ፋንትነሽ «ወንድሜን!» ብላ ወለሉ ላይ ተዘረረች። ትናንት አንዲት ዘለላ እንባ ያልወጣት ሴት ደረቷን ትደቃ ጀመር። ሴቶቹ ከግራ ከቀኝ ደግፈው፣ ወገቧን በነጠላ አስረው አብረዋት ተንሰቀሰቁ። ሜይታል ልትጠጋ ብትሞክር የሚያስገባት ክፍተት አጣች።

ይርሳው ትከሻዋን ያዝ አደረጋት። «ጎበዝ ልጅ። ሳትነግሪያት አደርሽ አይደል?»

ፋንትነሽ ከሴቶቹ መሐል ቀና ብላ፣ ልጇን በቀላ ዐይኗ አየቻት።

«አዎ፣ አጎቴ» አለች ሜይታል። «ምንም አልነገርኳትም።»