ግጥም ተሸካሚው

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ያስተማርኩት ስለ ትሩባዱሮች ነበር። ከስምንት መቶ ዓመት በፊት በደቡብ ፈረንሳይ የኖሩ ገጣሚዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው ሴቶችም ነበሩ። ብዙ ጊዜ ግጥማቸውን የሚያዜምላቸው ሌላ ሰው ነው። ከአንዱ ጌታ ግንብ ወደ ሌላው ተሸክሞት ይዞራል፤ በግጥሙ የተሰደበ ጌታ ካለ ዱላው የሚያርፈው በተሸካሚው ላይ ነው።

"እንግዲያው አንቺ ትሩባዱር፣ እኔ ተሸካሚሽ" አለኝ እንደ እኔው አስተማሪ የሆነው ባለቤቴ ዲበኩሉ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ተቀብሎኝ ይህን ስነግረው። እየሳቅን በባጃጅ ወደ ጠጅ ቤት ሄድን።

አዝማሪው ሰይፈ ሚካኤል ማሲንቆውን ይዞ በየጠረጴዛው ይዞራል። በዚያው ሳምንት ወልደ የሱስ የሚባል የቡና ነጋዴ ቡናውን የምትለቅምለትን የሊቺን ክንድ ሰብሮ ነበር። እሱ ራሱ ከከተማው ወጥቶ ቡሬ ሄዷል ሲሉ ሰምቼ ነበር። አዝማሪውን ጠርቼ ሁለት ስንኝ በጆሮው ሰጠሁት።

"ኧረ እትዬ፣ ይሄ ያስገድላል!"

"ሰውየው እኮ የለም።"

"ዝፈነዋ!" አለ ዲበኩሉ።

"የሊቺን ክንድ ሰብሮ ሲፎክር ሰማሁት፣
ከወንድ ፊት ሲደርስ ሲሸሽ ነው ያየሁት።"

"ድገመው! ቆዳውን ገፈፍከው!" ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ በአንዴ ቆመ። ወልደ የሱስ በሩ ላይ ቆሟል።

የአዝማሪውን እጅ ይዞ ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጫነው።

"ማነው የሰጠህ?"

"ጌታዬ፣ አዝማሪ ሰጪ አይጠራም።"

አንድ ጣት ሰበረ። ድምፁን ሁላችንም ሰማነው።

"ማነው?"

ሰይፈ ሚካኤል እየጮኸ ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛው ጣት ተሰበረ። የእኔ ነው ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ዲበኩሉ አየኝ። ጉልበቴን ጫን አድርጎ ያዘና ተነሣ።

"የእኔ ነው ጋሼ ወልደ የሱስ። እሱን ይልቀቁት።"

"አንተ አስተማሪ! ስሸሽ ያየኸኝ አንተ ነህ?"

ወልደ የሱስ ጩቤ መዘዘ፤ ከዲበኩሉ ጎድን ሥር ሁለት ጊዜ ገባ፤ ሦስተኛው አንገቱን አገኘው። በነጠላዬ ብጫነውም ደሙ በጣቶቼ መሀል መውጣቱን አላቆመም። የጠጅ ቤቱ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ያያል። ዲበኩሉ ሊናገር ሞክሮ አቃተው።

ዲበኩሉ በሞተ በሰባተኛው ወር መቱ ፍርድ ቤት ቀረብን። የገዳዩ ሦስት ወንድሞች ከኋላዬ ተቀመጡ። ጠበቃው በኦሮምኛ ተከራከረ፤ ሟች ደንበኛዬን በአደባባይ ሰድቦ አስቆጥቶታል፣ ቅጣቱ ይቅለል አለ። ቀጥሎ ዳኛው ሰይፈ ሚካኤልን ግጥሙ የማን እንደሆነ ጠየቁት። አስተርጓሚው ጥያቄውን ወደ አማርኛ መለሰለት።

"ሰጪ አይጠራም" አለ፤ የተጣመሙ ጣቶቹን ብብቱ ሥር ደብቋል።

"ይሄ ፍርድ ቤት ነው!" አሉ ዳኛው።

"አውቃለሁ ጌታዬ። ለሰበረኝም አልተናገርኩም።"

ተነሣሁ።

"ግጥሙ የእኔ ነው። ባለቤቴ ማንንም አልሰደበም። ያን ቀን መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።"

ከኋላዬ ወንበር ሲገፋ ሰማሁ። ዳኛው ዝምታ አዘዙና ግጥሙን እንዳሰማቸው ጠየቁኝ።

ፊቴን ወደ ሦስቱ ወንድሞች መለስኩ፤ ሁለቱንም ስንኝ ጮክ ብዬ አልኩት።