የሾፌሮቹ የጸሎት ርዕስ

ፓስተር ፍሥሐ ማይክራፎኑን ወደ አፉ አስጠግቶ የከሰል ሾፌሮቻችን ወደ ፊት ኑልን ሲል፣ አምስቱ ሾፌሮች ወዲያው ብድግ አሉ። የሰብስቤ እግር ግን አልታዘዝ አለው። በዕድሜም በሥራም የሁሉም አውራ እሱ ነውና አምስቱም መተላለፊያው ላይ ቆመው ጠበቁት። ሚስቱ ውባለም በክርኗ ጎሸም አድርጋ፣ ተነሥ እንጂ፣ ሰው እያየ ነው አለችው። ተነሣ፤ ምን ያድርግ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰብስቤ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ከገባ ጀምሮ ሥራው በትራክ የድንጋይ ከሰል ማመላለስ ነው። ከከተማው በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ተነድቶ ከሚደረስበት የማዕድን ማውጫ ከሰል ጭኖ፣ ወንዝ ዳር ካለ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ያራግፋል። ከሰል ደግሞ ልብስ አያነጣም። እሱ ግን ይኮራበታል። በበረዶ ያን ቁልቁለት ሲወርድ ፈረንጆቹ ሾፌሮች ሳይቀሩ ቆመው ያዩታል። ሥራ ያጣ ያበሻ ልጅ ሁሉ ወደ እሱ ይላካል፤ እሱም ጎኑ አስቀምጦ፣ እየተቆጣም እየቀለደም አስተምሮ ያስቀጥረዋል። አምስቱም የእጁ ሥራዎች ናቸው።

የከሰል ዘመን ግን እያለፈ ነው። ማመንጫዎቹ በጋዝ እየተተኩ፣ ሕጉም እየጠበቀ፣ ድሮ ሃያ ትራክ የነበረው መስመር ስድስት ቀረ። በመጨረሻም የስቴቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ከሰሉ የታጠበበት ውሃ ከታች ያሉ ቤቶች የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ውስጥ እየሰረገ ነውና እስኪስተካከል ሥራ ይቁም ብሎ አዘዘ። የማዕድኑ ባለቤቶችም ውሃውን ከማጽዳት መዝጋት ይሻለናል አሉ። አባትና አያታቸው ከዚያው ማዕድን እንጀራ የበሉ ሰዎች ባንድ ቀን ቤታቸው ገቡ፤ ሾፌሮቹም ተከተሉ።

ትእዛዙ በሩ ላይ የተለጠፈ ዕለት ስድስቱም ቆመው አንብበውታል። ከታች የፈረመችው ኢንጂነር «ሚስ ኤን. ዳባ» ትባላለች። ቢሩክ፣ ሦስት ልጆች ያሉት፣ ከሁሉም ተጫዋቹ፣ «ህንድ መሆን አለባት፤ ውሃ እንጂ ሰው አታውቅም» ብሎ ምራቁን ጢቅ አደረገ።

ሰብስቤ አላረመውም። የፈረመችው ልጁ ናርዲ ናት። እዚህ አገር ስትወለድ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ባንድ ስም ይጠራ ተብሎ በአባቷ ፋንታ በአያቷ ስም ነው የተመዘገበችው። ቸርች ውስጥ ደግሞ ሰብስቤን ከነአባቱ የሚጠራ ሰው የለም። ናርዲ ምን ትሠራለች ሲሉት፣ ውሃ ልማት ናት እያለ ያሾፍ ስለነበር፣ ሰው የከተማውን ቧንቧ የምታይ ይመስለው ነበር።

ጉዱ ግን ሌላ ነው። ያን ስም ሲያነብ መጀመሪያ የመጣበት ንዴት አይደለም፤ ደረቱ ነው የተነፋው። ዳባ ማለት ጊምቢ አካባቢ ቡና ሲያለማ ኖሮ ያለፈ፣ ፊርማ የሚባል ሳያውቅ በአውራ ጣቱ አሻራ የተዳደረ አባቱ ነው። የዚያ ሰው ስም አሜሪካ ውስጥ ማዕድን አስቆመ። እሰይ ሊል ምንም አልቀረው። ወዲያው የቢሩክን ፊት አየና አፈረ።

ናርዲ ሳትፈርም በፊት ቤት መጥታ ነግራዋለች። በእንግሊዝኛ ነው የነገረችው፤ ከባድ ነገር ባማርኛ አይወጣላትም። ውሃውን ራሷ ቀድታ ራሷ እንዳስመረመረች፣ አባቷ የዚያ መስመር ሾፌር መሆኑን አለቃዋ እንደሚያውቅ፣ ሌላ ሰው ይፈርም ብትልም የሚከለክላት እንደሌለ፣ እሷ ግን የራሷን ሥራ ለሰው ማሸከም እንዳልፈለገች ነገረችው። «ከሰል አስተማረሽ፣ አንቺ ከሰልን ዘጋሽው» ብሎ ሳቀላት። ከዚያ ግን እራቱን መጨረስ አቃተው። ውባለም ዝም አይነቅዝም አለችው፤ እሱም ምክሯን ሰምቶ ከሰው ደበቀ።

የማዕድኑ ባለቤቶች ትእዛዙ ከተነሣልን እንከፍታለን ብለው ይግባኝ ጠይቀው፣ ነገ ሰኞ ሂሪንግ፣ አቤቱታ የሚሰማበት ስብሰባ፣ አለ። ሕዝብ ገብቶ መናገር ይችላል፤ ሾፌሮቹም ስለ እኛ የሚናገረው ጋሽ ሰብስቤ ነው ብለው ቆርጠዋል። ትእዛዙን ቆማ የምታስረዳው ደግሞ ናርዲ ናት። ሰብስቤ ነገ ወገቤን አሞኛል ሊል ወስኖ ነበር። ከልጁ ጋር ከሚሟገት ወገቡ ቢታማ ይሻለዋል።

መድረኩ ሥር ስድስቱም ተንበረከኩ። እጅ በራሳቸው ላይ ተደራረበ። ናርዲ ከእናቷ ጋር ምሳ ልትበላ መጥታ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ባማርኛ አትመልስም እንጂ አንድም ቃል አያመልጣትም፤ ሰብስቤ ይህን ያውቃል።

ፓስተር ፍሥሐ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ትእዛዝ የፈረመችውን ሴት ነገ አሳፍራት! ከወንበሯ አንሣት!»

ጉባኤው አሜን ሲል አዳራሹ ተናጋ። ሰብስቤ ከላዩ ያለውን እጅ ሁሉ ገፍቶ ተነሣ።

«ይቅርታ ፓስተር። ይህን አሜን አልልም።»

ጸሎቱን ሲያጅብ የነበረው ኪቦርድ ቆመ። ፓስተሩ ያመመው መስሎት ውሃ አምጡለት አለ።

«ደኅና ነኝ። ሴትየዋ ልጄ ናት። ናርዲ ናት የፈረመችው። ዳባ የአባቴ ስም ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። ናርዲ ቦርሳዋን አንሥታ ልትወጣ ቆመች። ሰብስቤ በእጁ ተቀመጪ አላት፤ ተቀመጠች።

ቢሩክ ቀስ ብሎ ተነሣ። «ጋሼ፣ እዚያ በር ላይ ስናነብ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እና እኔ ህንድ ናት ስል ዝም አልከኝ?»

«ፈራሁህ፣ ቢሩኬ። ልጆችህን አስቤ ፈራሁህ። እውነቱን ልንገርህ፣ ኮርቼም ነበር። ሥራዬን ስታሳጣኝም ኮራሁባት።»

«አንተ ኩራትህን እራት አድርገው» አለ ቢሩክ። «እኔ ልጆቼን ምን ላብላ?»

ሰብስቤ አንገቱን ደፋ። ፓስተሩ ከአገልግሎት በኋላ ቢሮ ገብተን እንነጋገር እያለ ማለሳለስ ጀመረ፤ ቢሩክ ግን አልሰማውም።

«ነገስ? ሂሪንጉ ላይ ምን ልትል ነው?»

ሰብስቤ ቀና አለ። ወገቤን አሞኛል የሚለው ነገር ከዚያች ቅጽበት ወዲያ ትዝም አላለው። «እሄዳለሁ። መጀመሪያ አባቷ ነኝ እላለሁ። ከማዕድኑ በታች ያለውን ድልድይ ስሻገር ስንት ዓመት ወንዙን እጣቢው ገብቶበት ብርቱካን መስሎ አየሁት፣ ልክ ናት እላለሁ። ቀጥዬ፣ ውሃውን ስታጸዱ እነዚህን ልጆች አብራችሁ አጥባችሁ ጣላችኋቸው፤ ሥራ ፈልጉላቸው እላለሁ። ለእሷም ጭምር ነው የምለው።»

«እኔም እናገራለሁ» አለ ቢሩክ። «ልጅህ በድላናለች እላለሁ።»

«በላት። ፊት ለፊት በላት። ትሰማሃለች፣ ትመልስልሃለችም።»

ቢሩክ ዐይኑን ጠረገና ተመልሶ ተንበረከከ፤ ትንሽ ራቅ ብሎ። ፓስተር ፍሥሐ ማይክራፎኑን እንደያዘ ቀረ። እንግዲህ ምን ብዬ ልጸልይ፣ ለማን ልጸልይ፣ ለልጅህ ወይስ ለቢሩክ ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀው።

ሰብስቤም እየተንበረከከ፣ «ለሁለቱም» አለው። «ከቢሩክ ጀምር።»