የመጨረሻው ቅጂ

ከሠሪዎቹ ዕድሜ በላይ የኖረ ማሽን እያለው፣ ሰው የማይተካውን ድምፅ በገዛ እጁ ያጠፋ መሥሪያ ቤት ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ።

እናታችን በሬዲዮ ጣቢያው የልጆች ተረት አንባቢ ነበረች። ስትሞት እህቴ ገና ጡት አልጣለችም፤ ድምፅዋን አታውቀውም። አንዴ እንኳ ልትሰማት ብላ ወደ ጣቢያው ይዛኝ ሄደች።

የተቀበለን ቴክኒሺያን ከቅጥነቱ የተነሳ “ሽቦ” ይሉታል። የፍሪጅ ቁመት ያለውን አሮጌ የቴፕ ማጫወቻ ከፈተልን። ባዶዎቹ መዘውሮች ያለ አንዳች መንገጫገጭ ዞሩ።

“ከእኔ እሱ ጤነኛ ነው። ወገቡን ቢያበድረኝ ምን አለበት!” አለ ሽቦ።

“እንግዲያው ጋሼ፣ የእማዬ ድምፅ የተቀዳበትን ክር ይጫኑልኝ” አለች እህቴ።

“ክሮቹማ ተቃጠሉ። ቦታ ያጣብባሉ ተባለ። አይዞሽ፣ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ተገልብጧል።”

ፋይሉን ከፈተ። ጸጥታ። ሌላ ከፈተ። ጸጥታ።

“ድምፁን ይጨምሩት እንጂ።”

“ድምፁ መጨረሻው ድረስ ተከፍቷል፣ እህቴ” አለ ሽቦ።

“ታዲያ እናቴ እንዲህ ዝምተኛ ነበረች?” ብላ ሳቀች። ብቻዋን ነበር የሳቀችው።

ሽቦ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ ከማጫወቻው ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደውን ገመድ ተከተለ። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ገመዱ የተሰካው ሌላ ቀዳዳ ላይ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ሲቀዳ የከረመው ባዶውን ነው።

“ስትገለብጡ አንዱን እንኳ አልሰማችሁም?” ጮህኩ።

“ሥራ አስኪያጁ ስፒከሩን ዝጉ አሉ። ግድግዳው ስስ ነው፣ ስብሰባ ይረብሻል። እኛ ሰዓቱ ስክሪኑ ላይ መቁጠሩን እያየን ክር መቀየር ብቻ ሆነ ሥራችን።”

ማሽኑማ ሥራውን አላጓደለም። እናታችንን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ማንም ሳይሰማት አነበበ። ከዚያ ክሩን አቃጠሉት።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ከወንበራቸው እንኳ አልተነሡም።

“ቴክኖሎጂ ነው ወንድሜ፣ ያጋጥማል። ደግሞ ማሽኑ ደኅና ነው፤ ለሙዚየም እንሰጠዋለን።”

ጠረጴዛውን ደበደብኩት። እህቴ እጅጌዬን ይዛ ጎተተችኝ።

“ተው ወንድምዬ። ብትጮህ እማዬ አትመጣም።”

ኮሪደሩ ላይ ቆም አለች።

“እስቲ ንገረኝ፣ ድምፅዋ ምን ይመስል ነበር?”

ከማንም ጋር ስሟገት ቃል አጥሮኝ አያውቅም። “ቀጭን… አይ፣ ቀጭን እንኳ አይደለም…” አልኩና ቀረሁ። ጠበቀችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ደረጃውን ወረደች።

እኔ ላመጣላት የምችለው ነገር የለም። ሥራ አስኪያጁም ሊያመጡላት አይችሉም። መልስ መስጠት ግን አያቅታቸውም። በተዘጋ ቢሮ ለእኔ ሳይሆን፣ በተረቱ ሰዓት፣ እናታችን በተቀመጠችበት ወንበር፣ በቀጥታ ስርጭት ይናገሩ፦ ስፒከሩን ያዘጋው ማነው? ቅጂዎቹን አንድ ጆሮ እንኳ ሳይሰማቸው ክሮቹ ይቃጠሉ ያለውስ? ሕዝብ እየሰማ ይመልሱ!