በሩን እንዳይከፍቱ

ተርጓሚዋ የምትሠራው ከቤቷ ነው። ከሳሎኑ ጎን ያለችው ጠባብ ክፍል ቢሮዋ ናት፤ የሰው የልደት ምስክር ወረቀት፣ የፍቺ ውሳኔ፣ የሐኪም ማስረጃ ሁሉ እዚያች ኮምፒውተር ውስጥ ያልፋል። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ሳምንት ቤቱ የእሷና የባሏ ታላቅ ወንድም ነው። ይህ ሰው ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ሌሊት ሠርቶ ቀን ይተኛል። ሚስቱን ከፈታ ወዲህ እዚሁ ነው የሚኖረው። ቃል ከአፉ በስንት መከራ ስለሚወጣ ዘመድ አዝማዱ «ጭጭ» ይለዋል፤ እሷ ግን «ጋሼ» ነው የምትለው።

አንድ ረፋድ ላይ «አስቸኳይ ትርጉም» የሚል ኢሜይል መጣላት። ላኪውን አታውቀውም። ሥራ ቀዝቅዞባት ስለነበር ማነህ፣ ከየት ነህ ሳትል ፋይሉን ከፈተችው። ወዲያው ስክሪኑ ቀይ ለበሰ፤ ኮምፒውተሩ እንደ አምቡላንስ ይጮህ ጀመር። «በቫይረስ ተይዘዋል፤ ካጠፉት ያለዎት ሁሉ ይጠፋል፤ አሁኑኑ ይደውሉ» ይላል፣ ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። ክው አለች። የስንቱ ሰው ገመና እዚያ ውስጥ ነው። ስልኳን አንሥታ ደወለች።

ያነሳው ሰውዬ ድምፁ ቅቤ ነው። «አይዞዎት እመቤቴ፣ እኛ ለዚሁ አይደል ያለነው» አላት። የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና እሱ እየመራት አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጫነች። ጩኸቱ ቆመ። እፎይ ልትል ስትል ግን የማውዙ ቀስት በራሱ ተነሥቶ ይሄድ ጀመር። እሷ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ቀስቱ የደንበኞቿን ፎልደር ከፍቶ አንድ በአንድ ሲያልፍባቸው፣ የማታየው ሰው ቤቷ ገብቶ ቁም ሣጥኗን የሚበረብር መሰላት።

«እመቤቴ» አለ ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጥቃቱ የመጣው ከውጭ አይደለም። ከራስዎ ቤት ነው። አብሮዎት ማን አለ?»

«የባለቤቴ ወንድም። ተኝቷል።»

«መተኛቱን አይተዋል?»

አላየችም።

«በሩን ቀስ ብለው ይቆልፉት። እንዳይሰማ።»

ቆለፈችው። ያን ጊዜ ፍርሃቷ መልኩን ለወጠ። ያ ዝምታው፣ ቀን ቀን ክፍሉን ዘግቶ መዋሉ፣ በቀደም ለት የዋይፋዩን የይለፍ ቃል መጠየቁ፣ ሁሉም ተሰብስቦ መጣባት። የይለፍ ቃሉንማ ስልክ ያለው እንግዳ ሁሉ ይጠይቃታል። ግን የፈራ ሰው ይህን መች ያመዛዝናል?

ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ተሰማ። የበሩ እጀታ ወደ ታች ወርዶ ተመለሰ።

«ምን ሆነሽ ነው? የሚጮህ ነገር ሰማሁ» አለ ጋሼ ከውጭ።

«እንዳይከፍቱ» አለ ሰውዬው።

ከበሩ ሸሽታ ወንበሯ ላይ ተመለሰች። በዚህ መሀል ቀስቱ የባንክ ገጿን ከፈተ፤ ስልኳ ላይም ከባንኩ የማረጋገጫ ቁጥር ገባ፤ «ለማንም አይንገሩ» ይላል።

«ቁጥሩን ያንብቡልኝ፣ የባለቤትዎ ወንድም ሳይቀድመን። እሱን እናውቀዋለን። ከዚህ በፊትም በዚሁ ተይዟል፤ ስሙ እኛ ዘንድ አለ።»

«ማን ይባላል?» አለች። ልትፈትነው አልነበረም፤ ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶባቸው በሆነ ብላ ነው።

«እርስዎ ይንገሩኝና ላመሳክረው።»

«አይ፣ እርስዎ ይንገሩኝ።»

የሰውዬው ቅቤ ቀልጦ አለቀ። «አንቺ ሴትዮ፣ ቁጥሩን አምጪ። እምቢ ካልሽ ይሄን ሁሉ ወረቀት አደባባይ ነው የማወጣው።»

እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይኸው ነው። ከወንበሯ እንዴት እንደተነሣች አታውቅም፤ ቁልፉን አዙራ በሩን ከፈተችው።

ጋሼ በባዶ እግሩ ገባ። ምንም አልጠየቀም። የኢንተርኔቱን ሣጥን ከሶኬቱ ነቀለው፤ ኮምፒውተሩን እስኪጠፋ ድረስ ማጥፊያውን ተጭኖ ያዘው፤ ስልኩን ሰውዬው እየተሳደበ ሳለ ዘጋበት።

«ቁጥሩን ሰጠሽው?»

«አልሰጠሁትም።»

«ጎሽ። በይ አሁን ባንኩ ጋ እንደውል።»

በእሱ ስልክ ደውለው ሒሳቧን አሳገዱ። ከዚያ እዚያው ስልክ ላይ መጀመሪያ የኢሜይሏን፣ ቀጥሎ የሌላውን ሁሉ የይለፍ ቃል ቀየሩ። ኮምፒውተሩን ጠጋኝ ጋ ወስደውት ሙሉ በሙሉ ጠርጎ እንደ አዲስ ጫነው። በውጭ ዲስክ ቅጂ ያስቀረችው ሥራ ተረፈ፤ የሰሞኑ ግን ጠፋ። ሌባው ምን ያህሉን ገልብጦ እንደወሰደ ጠጋኙም ሊነግራት አልቻለም።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አንተን ነው የጠረጠርኩት» አለችው ከጠጋኙ ሲመለሱ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ፊቱን ማየት አቅቷት ነበር።

«በሩ ስስ ነው፤ ሰምቻለሁ» አለ። ጥቂት ከሄዱ በኋላ፣ «ዝም የሚል ሰው ያስፈራል መቼስ» ብሎ ጨመረ።

የቀረው ለደንበኞቿ መንገር ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ አድራ በማግስቱ አንድ በአንድ ደወለችላቸው፤ ጋሼ እንቅልፉን ትቶ አጠገቧ ተቀመጠ። አንዱ ሰደባት። አንዷ አመሰገነቻት። የፍቺ ውሳኔዋን ያስተረጎመችው ሴት ግን፣

«አሁን ወረቀቴ ማን እጅ ነው ያለው?» አለቻት።

«አላውቅም እህቴ» አለች ተርጓሚዋ። ሴትዮዋ እስክትዘጋው ድረስ ስልኩን ከጆሮዋ አላነሣችም።