የሮስናኒ መንጋጋ ተፈታ

ሐኪሙ የመጨረሻዋን ሽቦ ከጥርሶቿ መሃል መዞ ሲያወጣ፣ ሮስናኒ ገና ከወንበሩ ሳትነሳ «ዶሮ!» አለች።

በወንድሟ ልጅ ሠርግ ላይ ስትጨፍር ከመድረኩ ወድቃ መንጋጋዋ ከተሰበረ ወዲህ፣ ጥርሷ በሽቦ ተጠፍሮ በቀጭን ቱቦ አጥሚት ስትመጥ ነው የከረመችው። ረመዳን እንኳ እንዲህ ረዝሞባት አያውቅም፤ ጾም ቢያንስ ማታ ይፈታል።

«ለስላሳ ለስላሳውን ይመገቡ፤ አፍዎም ቶሎ እንደ ድሮው አይከፈትም...» ሐኪሙ ሳይጨርስ እሷ በሩን አልፋለች።

ታናሽ እህቷ ካምሲያ ውጭ ቆማ ነበር። «እትዬ፣ ዛሬ ትልቅ ሆቴል ነው የምጋብዝሽ፤ ነጭ ጨርቅ የተነጠፈበት።»

«ጨርቁን ልብላው? እማማ ኤኖን ጋ ውሰጂኝ!»

እማማ ኤኖን ጌይላንግ ሰራይ ገበያ ፎቅ ላይ ዶሮና ሩዝ ይጠብሳሉ፤ ሆቴል ውስጥ ለአንድ ስኒ ሻይ በሚከፈለው ገንዘብ ሰውን ሆዱ እስኪነፋ ያበላሉ። ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ትልቁ መጥበሻ ላይ ሲንጣጣ፣ ሽታው ሮስናኒን ገና ደረጃው ላይ ተቀበላት።

«ተፈታሽ?» አሉ ጭልፋቸውን እንዳነሱ።

«ተፈታሁ! ጭኑን ይስጡኝ፣ ቆዳው የሚንኮሻኮሸውን! ሩዙ ላይ እንቁላል! ድልህም! ደሞ ሳልነግርዎ፣ ያን ቀን ስወድቅ ሙሽራው...»

ታምቆ የከረመው ወሬዋ እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ስለ አወዳደቋም፣ ቤቱ ጸጥ ብሎለት ስለከረመው ባሏም ሳይወድ በግድ ሰማ።

«እትዬ፣ ዶሮው ቀዘቀዘ!» አለች ካምሲያ ጠረጴዛው ላይ የቀረበውን ሳህን እያስጠጋችላት።

ሮስናኒ ጭኑን አንስታ አፏን ከፈተች። ከፈተች ከተባለ፤ ማንኪያ እንኳ በጭንቅ ነው የሚያስገባው። በጎን ሞከረች፣ በሰያፍ ሞከረች፤ ትርፏ አፍንጫዋን ቅባት መቀባት ሆነ።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል ሰምቼ ነበር» አሉ እማማ ኤኖን፤ «የአንቺስ እያወራም ዶሮ አይገባበትም!»

«አያስቁኝ፣ ያመኛል!» እያለች ሮስናኒ በሳቅ ፈነዳች። ካምሲያ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ከጎናቸው ሻይ ይጠጡ የነበሩት ሽማግሌ ትን አላቸው።

ካምሲያ እጇን ታጥባ መጣችና ዶሮውን እንደ ክር አቅጥና በጣጠሰችው፤ ከሩዙ ጋር እያደረገች በትንሽ በትንሹ አጎረሰቻት። ሩዙ የእሳቱን ጢስ ጢስ ይላል፣ ዶሮው የእርድና የሎሚ ሣር መዓዛ አለው፤ ድልሁ ምላሷን ለበለባት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«አቃጠለሽ?»

«እሰይ ያቃጥለኝ! ጨምሪበት!»

ካምሲያ ቆዳውን ብድግ አድርጋ የራሷ አፍ ውስጥ ኮሽ አደረገችው። «ይሄ ላንቺ ይጠጥራል።»

«ሌባ! ጥርስ አለኝ ብለሽ ነው?» ሮስናኒ የቀረችውን ቁራጭ ነጥቃ እንደ ከረሜላ ጉንጯ ውስጥ ወተፈቻት፤ ዓይኗን ጨፍናም መጠጠቻት።

ሳህኑ ባዶ ሲሆን መንጋጋዋ ዝሎ፣ አገጯ በድልህ ቀልቶ ነበር።

«በቃ እንሂድ?» አለች ካምሲያ።

«የደከመው መንጋጋዬ ነው፤ ሆዴ ምን አደረገሽ?» አለችና ወደ መጥበሻው ዞራ እጇን አውለበለበች። «እማማ ኤኖን! ይድገሙን!»